ስለ ሰው ሰራሽ ሳር ሜዳ የጠየቃችሁኝ

ሰው ሰራሽ ሳር ስለሚነጠፍባቸው ሜዳዎች ጥያቄ ያላችሁ ወዲህ በሉ ብዬ ነበር። ከጎጃም ከየአቅጣጫው ጎረፈ። የቻልኩትን እነሆ።

ከደብረ ማርቆስ፦ ክረምት በመጣ ቁጥር ሜዳችን ጭቃ ነው። ሰው ሰራሽ ሳር ብናነጥፍ እንገላገላለን?

ሳሩ ብቻውን አይገላግላችሁም። ውሃውን የሚያወርደው ከሥር ያለው ሥራ ነው። ጥቁር አፈር ከሆነ ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ምንጣፉም አብሮት ይነሳል፣ ይወርዳል። ስለዚህ አፈሩ ተቆርጦ ይወጣል፤ ጠጠር በየደረጃው ይጠቀጠቃል፤ የውሃ መውረጃ ቱቦ ይቀበራል። ከዚያ ምንጣፉ፣ በላዩ አሸዋና የጎማ ፍርፋሪ። ተቋራጩ ዋጋ ቀነስኩላችሁ ካለ፣ ከሥር ምን እንደቀነሰ ጠይቁት። ጠጠሩ ሲሞላም ቆማችሁ እዩ። ከተነጠፈ በኋላ ገልጦ የሚያይ የለም።

ከባሕር ዳር፦ እኩለ ቀን ላይ ያቃጥላል የሚሉት እውነት ነው?

እውነት ነው። በጠራራ ፀሐይ የሜዳው ገጽ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊያልፍ ይችላል። ውሃ ቢረጩበት ይበርዳል፣ ግን ወዲያው ይመለሳል። የልጆቹን ልምምድ ጠዋትና አመሻሽ ላይ አድርጉት።

ከፍኖተ ሰላም፣ የስፖርት መምህርት፦ ጋሼ፣ አንዴ ከተነጠፈ እንክብካቤ አይፈልግም አይደል?

ኧረ እህቴ፣ ይቺን ወሬ ማን እንደሚነዛት እንጃ! የፍጹም ቅጣት ምት መምቻውን በእጅሽ ዳስሺው። ፍርፋሪው ተገፍቶ አልቆ፣ ክሩ ተኝቶ ታገኚዋለሽ። እዚያ መሙላት፣ ሜዳውን በሙሉ ደግሞ በየጊዜው መቦረሽ ነው። በደንብ ከተያዘ 8 እስከ 10 ዓመት ያገለግላል።

ከቡሬ፦ ተጫዋች ይጎዳል?

ሸርተቴ የገባ ሰው ቆዳው ይላጣል። በ2015 እ.ኤ.አ. ካናዳ ያዘጋጀችው የሴቶች ዓለም ዋንጫ በሙሉ በሰው ሰራሽ ሳር ሲካሄድ ተጫዋቾቹ አጥብቀው ተቃውመው ነበር። የብረት ጥርስ ያለው ታኬታ አታድርጉ።

በድጋሚ ከባሕር ዳር፦ የጎማው ፍርፋሪስ?

ከአሮጌ የመኪና ጎማ የሚፈጭ ነው። ጎርፍ ጠርጎ ወደ ውሃ ያስገባዋል፤ ጣና አጠገብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ ለሜዳ መሙያ እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ የእፎይታ ጊዜው 8 ዓመት ነው። በምትኩ ቡሽ የሚጠቀሙ አሉ።

ከዳንግላ፦ በጀታችን ትንሽ ነው። ምን ትመክረናለህ?

ሰርዶ! ሰው ሰራሹ ዋጋውን የሚያወጣው ቡድኖች ከጠዋት እስከ ማታ ሲፈራረቁበት ነው። እናንተ ሜዳውን ደልድሉ፣ ዙሪያውን ቦይ አውጡ፣ ሰርዶ ትከሉ። ከሁሉ በፊት ግን አጥሩት፤ ከብት እየዋለበት ሳር አይያዝም።