ካታሎግ አይበርም

ልጆች፣ እኔ የሸበትኩት ግዥ ክፍል ውስጥ ነው፤ ፕሮፎርማ ስሰበስብና ጨረታ ስከፍት። ስለዚህ የማንን ታሪክ እናንብብ ስትሉኝ የዴቪድ ፓካርድን እላለሁ። ቢሯችሁ ያለው የኤችፒ ፕሪንተር ላይ «ፒ»ዋ እሱ ነው። በቤተሰብ ምጣኔ ሥራ ላይ ያላችሁ ደግሞ ስሙን በፋውንዴሽኑ በኩል ሳትሰሙት አትቀሩም።

በ1939 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ከጓደኛው ከቢል ሂውሌት ጋር በ538 ዶላር ጋራዥ ውስጥ መጀመሩን ሁሉም ያወራዋል። እኔ የምወደው ከዚያ በፊት ያለውን ነው። ጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ተቀጥሮ ሳለ አንድ ዓይነት ቲዩብ (የኤሌክትሪክ መሣሪያ አካል) ፍተሻ ላይ እየወደቀ አስቸገረ። መመሪያው ተጽፎ ለሠራተኞቹ ተሰጥቷል፣ ቲዩቡ ግን ይበላሻል። ፓካርድ ፋብሪካው ውስጥ ገባና ከሠራተኞቹ ጋር ሥራውን ደረጃ በደረጃ ተከታተለ። ለካ ጽሑፉ ብቻውን አይበቃም ነበር። አብሯቸው የሠራው ዙር አንድም ሳይወድቅ አለፈ።

በ1969 የአሜሪካ ምክትል የመከላከያ ሚኒስትር ሆነ። ኤችፒ ለመንግሥት ዕቃ ይሸጥ ስለነበር አክሲዮኑን ለባለአደራ ሰጠ፤ ትርፉም የዋጋ ጭማሪውም ለበጎ አድራጎት እንዲሆን። (ይህቺን ቦርድ ላይ የምትቀመጡ ደግማችሁ አንብቧት።) ፔንታጎን፣ ማለትም የመከላከያ ሚኒስቴሩ፣ ያኔ አውሮፕላን ገና ወረቀት ላይ እያለ ይዋዋል ነበር። ዋጋው በኋላ ሰማይ ይነካል። ፓካርድ ግን መጀመሪያ ናሙናው ተሠርቶ ይብረር፣ ከተፎካካሪው ጋር ይታይ፣ ከዚያ እንገዛለን አለ። ኤ-10 እና ኤፍ-16 የተመረጡት እንዲህ ነው፤ እሱ ግን በ1971 መጨረሻ ሥልጣኑን ለቆ ነበር።

በ1985 ፕሬዚዳንት ሬገን የመከላከያ አስተዳደርን የሚመረምር ኮሚሽን እንዲመራ ጠራው። አገሩ በ435 ዶላር ስለተገዛ መዶሻ ያወራል፣ ሰው ሁሉ ሌባ ይጠብቃል። ኮሚሽኑ ግን ትልቁ ኪሳራ ከስርቆት ይልቅ ከተወሳሰበ መዋቅርና ከደረቀ አሠራር ነው የሚመጣው አለ። በ1986 ሕግ ወጣ። የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹሞች ሰብሳቢ የፕሬዚዳንቱ ዋና ወታደራዊ አማካሪ ሆነ፤ ግዥውም በላይ ደረጃ አንድ ኃላፊ ተሾመለት። ሁሉም ተስተካከለ ማለቴ አይደለም። ዛሬም የአሜሪካ የጦር መሣሪያ ከበጀቱ ያልፋል፣ ከቀኑም ይዘገያል።

እናንተም ማሽን ልትገዙ ስትሉ የሚያምረውን ካታሎግ ወዲያ በሉት። ማሽኑ የሚሠራበት ቦታ ሂዱና እየሠራ እያለ እዩት። ኦፕሬተሩ ራሱ ይሞክረው፣ መካኒኩ መለዋወጫው የት እንደሚገኝ ይንገራችሁ። ስፔሲፊኬሽን ስትጽፉም ስቶር ኪፐሩን ሳታማክሩ አትፈርሙ። ገንዘብ ሲጎድል ደግሞ «ማን በላው?» ከማለታችሁ በፊት አንድ የግዥ ጥያቄ ስንት ጠረጴዛ እንደሚዞር ቁጠሩ። ሌባውንም ከዚያ በኋላ ፈልጉት፤ የለም አላልኩም።