አጎቴ መድኃኒት ጅምላ እንክፈት ይለኛል

ጥያቄው የመጣው ከፍኖተ ሰላም ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ጋሼ፣ ፋርማሲስት ነኝ። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተምሬ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። አሁን አንድ የግል ፋርማሲ ውስጥ ተቀጥሬ እሠራለሁ። በቅርቡ ባሕር ዳር ያለ የመድኃኒት ጅምላ አከፋፋይ የሽያጭ ሠራተኛ ሆነሽ ግቢ አለኝ፤ ደመወዝና ኮሚሽን አለው። ይህን ለአጎቴ ብነግረው ሌላ ሐሳብ አመጣ። እሱ ቡሬ ላይ በቆሎ ይነግዳል። ‹ሦስት ሚሊዮን ብር አለኝ፣ አንቺ ፈቃድሽን ታመጫለሽ፣ እዚሁ ፍኖተ ሰላም ጅምላ እንከፍታለን። እህልም ሆነ መድኃኒት ጅምላው ያው ነው› ይላል። እናቴም ከወንድሟ ጋር ናት። ምን ላድርግ?»

እታለም፣ አጎትሽ ደግ ሰው ነው። ሦስት ሚሊዮን ብር አውጥቶ ለእህቱ ልጅ የሚያምን ሰው እንደ ልብ አይገኝም። «ያው ነው» ባለው ላይ ግን አልስማማም። መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ፦ ባሕር ዳር ግቢ። የአጎትሽ ብር ለጊዜው በቆሎው ላይ ይቆይ።

አጎትሽ ምርት ሲደርስ በቆሎ ይገዛል፣ መጋዘን ያስገባል። ነቀዝ ካልጣለበት ክረምት ላይ ዋጋው ይወጣል። ቆይቶ መሸጥ ለእሱ ብልሃት ነው። መድኃኒት ግን የሚያልፍበት ቀን ሳጥኑ ላይ ተጽፎ ነው የሚመጣው። ዛሬ 18 ወር የቀረው አሞክሳሲሊን ስድስት ወር ካስቀመጥሽው 12 ወር ነው የሚቀረው። አንቺ ራስሽ ፋርማሲ ውስጥ ነሽና ታውቂዋለሽ። ሻጩ ጊዜው የቀረበ ዕቃ ይዞ ሲመጣ ምን ትይዋለሽ? «በግማሽ ዋጋም አልፈልግ» ትይዋለሽ። ያ ሻጭ ነገ አጎትሽ ነው።

እስቲ አንድ ሒሳብ እንሥራ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የወሰድኳቸው ናቸው፤ አንቺ የከተማሽን ዋጋ ጠይቀሽ ቀይሪያቸው። ሦስት ሚሊዮኑ በሙሉ ዕቃ ተገዛበት እንበል። ትርፉ ከመቶ 10 ይሁን። ኪራይ፣ ደመወዝ፣ ነዳጅ፣ ጥበቃ ተደምሮ በወር 90 ሺህ፣ በዓመት 1 ሚሊዮን 80 ሺህ ብር ይውጣ። ጊዜው ለሚያልፍበትና ለሚሰበረው ከተገዛው ዕቃ ከመቶ 2 እንያዝ። ብሩ በየሁለት ወሩ ዞሮ ከገባ በዓመት ስድስት ጊዜ ይሠራል። 18 ሚሊዮን ብር ዕቃ ተገዝቶ 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ያመጣል። ወጪውን ስትቀንሺ 720 ሺህ። ለብልሽት 360 ሺህ ስትቀንሺ 360 ሺህ ብር ትርፍ አለ። ግብሩ ገና አልተነሳም።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ለውጪ። ብሩ በአራት ወር ይመለስ። በዓመት ሦስት ዙር ብቻ ሆነ ማለት ነው። 9 ሚሊዮን ተገዝቶ 900 ሺህ መጣ። ወጪው ግን ያው ነው፤ ዘበኛው ዕቃው ቀስ ብሎ ስለተሸጠ ደመወዝ አይቀንስልሽም። 180 ሺህ ጎደለ። የብልሽት 180 ሺህ ሲጨመር ኪሳራው 360 ሺህ ሆነ። ዕቃው አልተለወጠም፣ ዋጋው አልተለወጠም። የተለወጠው ደንበኞቹ ሁለት ወር ዘግይተው መክፈላቸው ነው።

ይህ የእኛ አገር አመል ብቻ እንዳይመስልሽ። አሜሪካ ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን የመድኃኒት ጅምላ የያዙት ማኬሰን፣ ሴንኮራና ካርዲናል ሄልዝ የሚባሉ ሦስት ድርጅቶች ናቸው። ከ100 ዶላር ሽያጭ ወጪያቸውን ችለው የሚቀራቸው አንድ ዶላር አካባቢ ቢሆን ነው። የሚያኖራቸው ብዛትና ፍጥነት ነው። አጎትሽ ብዛቱ የለውም። ስለዚህ ፍጥነቱ ካመለጠው የሚይዘው ነገር የለም።

ፍጥነቱ ደግሞ የሚሞተው በዱቤ ነው። ሱቅ ላይ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ» ብለው ሲለጥፉ አይተሻል። መድኃኒት ጅምላ ላይ ይህን ብትለጥፊ ነገም ደንበኛ የለሽም። ከደጀን እስከ ዳንግላ ያለው ቸርቻሪ ሁሉ በዱቤ ለምዷል። ሰበቡም ገብቶኛል። ገበሬው እህሉን ሳይሸጥ ካሽ የለውም። ክረምት ላይ በሽታው ሲበዛ ኪሱ ባዶ ነው። እኔ ይህን መስመር ለዓመታት በሽያጭ ሠራተኝነት ተመላልሼበታለሁ፤ ክረምት የበተንኩትን ዱቤ ጥር ላይ ስለቅም የኖርኩ ሰው ነኝ። አንዴ ስሙን የማልጠራው የመድኃኒት መደብር ባለቤት ቀን የተቀጠረበት ቼክ ሰጠኝ። ቀኑ ደርሶ ባንክ ስሄድ «በቂ ስንቅ የለውም» ተባልኩ። ወደ ሱቁ ብመለስ በሩ ተዘግቷል። ጎረቤት ያለችው ባለ ሻይ ቤት ለካ እሷም እሱ ላይ ዱቤ አላት፤ ሁለታችን ተቀምጠን ስንተያይ ዋልን። ደረቅ ቼክ ወንጀል ነው፣ ክስ ይቻላል። ግን የከሰሽው ሰው የከተማሽ ሰው ነው፣ ክርስትና ቤቱ በልተሻል። አጎትሽ ይህን ከኔ በላይ ያውቃል።

መንግሥት ጋ እሸጣለሁ እንዳትይ ደግሞ እሱም የራሱ ወግ አለው። ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ መጀመሪያ የሚገዛው ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ነው። የድሮ ስሙ ፒኤፍኤስኤ ነው፣ በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ የቆመ፤ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው። የኤች አይ ቪና የቲቢ መድኃኒት በፕሮግራም በነፃ ይሄዳል፤ እሱን እርሺው። ሌላው በተዘዋዋሪ ፈንድ፣ ማለትም የተሸጠበት ብር መልሶ ዕቃ በሚገዛበት መንገድ ይሸጣል። የግሉ ጅምላ የሚፈለገው አገልግሎቱ ጋ ሲጠፋ ነው። «የለም» የሚል ማረጋገጫ ሲመጣ ሆስፒታሉ ፕሮፎርማ ይሰበስባል ወይ ጨረታ ያወጣል። ያኔ ትሸጫለሽ፣ ብዙ ትሸጫለሽ። ክፍያው ግን ከሆስፒታሉ የውስጥ ገቢ ነው የሚወጣው። የውስጥ ገቢው ደግሞ በከፊል የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኑ የሚመልሰውን ብር ይጠብቃል። መድኑ ከዘገየ ሆስፒታሉ ይዘገያል፣ ሆስፒታሉ ከዘገየ አንቺ ዕቃውን በዱቤ የሰጠሽ አስመጪ ፊት ትቆሚያለሽ። አስመጪው ደግሞ ጤና መድን አያውቅም።

አጎትሽ ሐምሌ 22 ቀን 2016ን ያስታውሳል። ብሩ በገበያ እንዲወሰን የተለቀቀበት ቀን ነው። ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንት 100 አለፈ። አብዛኛው መድኃኒታችን ከውጭ ነው የሚመጣው። ያኔ መጋዘናቸው ሙሉ የነበሩ ሰዎች በአሮጌ ዋጋ የገዙትን ጨመር አድርገው ሸጡና ደስ አላቸው። መልሰው ሊገዙ ሲሄዱ መቶ ካርቶን የሸጡበት ብር ስልሳ ካርቶን ሰባ ካርቶን ነበር የሚገዛው። በወረቀት አትርፈው በዕቃ ከስረዋል። በዱቤ የበተኑት ደግሞ የባሰ ነው፤ በሐምሌ ዋጋ ሰጥተው በጥር ብር ተቀበሉ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። «አንቺ ፈቃድሽን ታመጫለሽ» ያላት ቃል። እሱ በክፋት አላላትም። ግን ስንት ልጅ እንደዚህ ፈቃዷን ግድግዳ ላይ ሰቅላ በወር የተወሰነ ብር እየተቀበለች ሌላ ከተማ ስትሠራ አይቻለሁ። ፈቃድ ማከራየት ይሉታል በግልጽ። መጋዘኑ ውስጥ ያልተመዘገበ መድኃኒት ከተገኘ፣ ትራማዶል ወይ ዳያዜፓም ያለ መዝገብ ከወጣ፣ የሚጠየቀው ስሙ የተጻፈው ቴክኒካል ኃላፊ፣ ማለትም ባለ ፈቃዱ ፋርማሲስት ነው። ባለ ገንዘቡ ብሩን ያጣል፤ አንቺ ሙያሽን። አምስት ዓመት የተማርሽውን ማለት ነው። ከአጎትሽ ጋር አንድ ቀን ብትሠሪ እንኳ ዕቃ የሚያስገባውንና የሚያስወጣውን የምትወስኚው አንቺ መሆንሽ በጽሑፍ ይቀመጥ። የሥጋ ዘመድ ነው ብለሽ አትለፊው። ዘመድ ስለሆነ ነው በጽሑፍ የምልሽ።

እንግዲህ ባሕር ዳር ስትሄጂ ምን ትማሪያለሽ? ሽያጩን ማንም ይማረዋል። አንቺ የምትማሪው ብሩ የት የት እንደሚቆም ነው። የመጀመሪያውን ሁለት ሦስት ወር መጋዘን ውስጥ አውሉኝ ብለሽ ጠይቂ። ቢን ካርዱ፣ ማለትም የዕቃው ገቢና ወጪ የሚጻፍበት ካርድ፣ ከመደርደሪያው ጋር ይገጥም እንደሆነ፣ ቀድሞ የሚያልፈው ቀድሞ ይወጣ እንደሆነ በዓይንሽ እዪ። የቀዝቃዛውን ዕቃ ጉዞም ተከታተዪ። እኔ ጀማሪ ሳለሁ ኢንሱሊን ከአዲስ አበባ አምጣ ተባልኩ። የአባይ በረሃ ሙቀት አስፈራኝ። ጎሐ ጽዮን ላይ ሳጥኑን ከፍቼ በረዶ አጨቅሁበት፣ ጠርሙሶቹን በረዶው ላይ አስተኛኋቸው። ደጀን ወጥቼ «ተረፈ» ብዬ እፎይ አልኩ። ማርቆስ ስንከፍተው ግማሹ በርዶ ድንጋይ ሆኗል። ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚፈልገው። አንዴ ከበረደ ቀልጦም አይረባም። ሙቀት ፈርቼ በብርድ ገደልኩት። አለቃዬ አልተቆጣኝም፤ ዋጋውን ብቻ በወረቀት ጽፎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። ወር ሙሉ እያየሁት ሠራሁ። ይህን ስህተት በሌላ ሰው ብር ብትሠሪው ይሻልሻል።

ሽያጭ ላይ ስትወጪ ደግሞ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች በየሁለት ወሩ ሪፖርትና የመድኃኒት መጠየቂያ እንደሚልኩ፣ ክምችታቸው ከአራት ወር እንዳይበልጥ እንደሚጠበቅ አስታውሺ። ይህን የሚያውቅ ሻጭ ሆስፒታሉ መቼ እንደሚጎድለው ይገምታል። የማያውቀው ዝም ብሎ መኪና ያቃጥላል።

ስለ ቅጥሩ ሦስት ነገር ጠይቂያቸው። ኮሚሽኑ በተሸጠው ነው በተሰበሰበው? በተሰበሰበው ከሆነ ደስ ይበልሽ፣ ትምህርቱ እዚያ ነው፤ ብሩ ግን ዘግይቶ ስለሚመጣ ቋሚ ደመወዙ የቤት ኪራይሽን የሚችል ይሁን። ዱቤ የሚፈቅደው ማን ነው፣ አንቺ ወይስ ቢሮው? እና ያልተሰበሰበ ዱቤ ከደመወዝሽ ይቆረጣል ወይ? ለሦስተኛው «አዎ» ካሉሽ አትፈርሚ። ያ ቅጥር አይደለም፤ የእነሱን ኪሳራ አንቺ እንድትሸከሚ ነው። ሌላው የመንገድ ነገር ነው። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት እንደከረመ እኔ አልነግርሽም። ካሽ ይዘሽ አትንቀሳቀሺ፤ ደንበኛው በባንክ ወይ በቴሌብር ያስገባ። መንገድ ሲዘጋ ያለሽበት ከተማ ማደር እንደምትችዪ፣ የአልጋውን እነሱ እንደሚከፍሉ ከወዲሁ ተነጋገሩ።

አጎትሽን «እምቢ» አትበዪው። እሑድ ቡና ሲፈላ ሂጂና የዱቤ ደብተሩን እንዲያወጣልሽ ጠይቂው። ስንት ሰው፣ ስንት ብር፣ ከስንት ወር ጀምሮ እንደቀረ አብራችሁ ቁጠሩ። ከዚያ ያንን የሁለት ወርና የአራት ወር ሒሳብ በእሱ እስክሪፕቶ አሠሪው። ነጋዴ ነው፣ ከኔ ቶሎ ይገባዋል። እናትሽም እዚያው ብትሆን ጥሩ ነው። ብሩ እጁን እየበላው ከሆነና ግድ መድኃኒት ላይ ልግባ ካለ፣ ችርቻሮ ፋርማሲ አስቡ። ከሦስት ሚሊዮኑ በጥቂቱ ይጀመራል፣ ካሹም በየቀኑ ማታ መሳቢያ ውስጥ ይቆጠራል። እሱም ቢሆን አንቺ ሁለት ዓመት ባሕር ዳር ሠርተሽ፣ ማን እንደሚከፍልና ማን እንደማይከፍል ለይተሽ ስትመለሺ ይሁን።

የባሕር ዳሮቹ የውል ወረቀት ሲሰጡሽ ሳትፈርሚ ላኪልኝ። የኮሚሽኑን አንቀጽ እኔም ላንብበው።