«ልጄ የኮሌጅ ፉትቦል አሰልጣኝ ልሁን አለ» ላሉት እህቴ

ሰላም እህቴ። ጥያቄዎን አሁን ነው ያየሁት። ልጅዎ ኮሌጅ ውስጥ ፉትቦል (የአሜሪካኑን፣ በእጅ የሚያዘውን) ተጫውቶ በዚህ ግንቦት ይመረቃል፤ አሁን ደግሞ «አሰልጣኝ እሆናለሁ፣ አንድ ቀን ሄድ ኮች፣ ዋና አሰልጣኝ፣ እሆናለሁ» ብሎ እንቅልፍ ነስቶዎታል። እንጀራ ይሆናል ወይ፣ ከየትስ ይጀመራል ብለዋል። «ነርሲንግ ያስገቡት» ያሉዎትን አይስሟቸው። እኔም የሜሪላንድ፣ የሲልቨር ስፕሪንግ ልጅ ነኝ። ዛሬ አንድ ዲቪዥን ቱ (ከትልልቆቹ ዝቅ ያለ ደረጃ) ኮሌጅ ውስጥ ላይንባከሮችን፣ የመሃል ተከላካዮቹን፣ አሰለጥናለሁ፣ ቤተሰብ አስተዳድርበታለሁ። እንጀራ ይሆናል። ግን ቶሎ አይሆንም።

1. መግቢያው ጂኤ ነው፣ ግራጁዌት አሲስታንት። ማስተርሱን እየተማረ ቡድኑን ያገለግላል። ትምህርቱ ይከፈልለታል፣ ትንሽ የኪስ ገንዘብ ያገኛል፣ እንቅልፍ የለም። የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ዋና አሰልጣኝ የነበረው ኒክ ሴባን ራሱ በፈረንጆቹ 1973 ኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ላይ ጂኤ ሆኖ ነው የጀመረው፤ ያውም ሚስቱ ትምህርቷን እስክትጨርስ ብሎ። የመጀመሪያውን የዋና አሰልጣኝነት ቦታ ያገኘው በ1990 ቶሌዶ ነው። ሰባት ሻምፒዮና ያነሳ ሰው እንኳ 17 ዓመት ጠብቋል። ስለዚህ ልጅዎ 30 ሳይሞላው ካልሾሙት ብለው አይጨነቁ።

2. ትልቅ ስም አያሳድድ። ትልቁ ጋ ከርሞ ቡና አቅራቢ ከመሆን ትንሹ ጋ ተጫዋች በእጁ ቢገባ ይሻለዋል። አሰልጣኝ ከርት ሲግኔቲ አላባማ በ2009 ሻምፒዮን ሲሆን ስታፉ ውስጥ ነበር። ከ2010 ሲዝን በኋላ ያንን ትቶ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ወዳለ ዲቪዥን ቱ ትምህርት ቤት ወረደ፣ ዋና አሰልጣኝ ለመሆን ብሎ። ከዚያ ኢሎን፣ ከዚያ ጄምስ ማዲሰን። በ2024 በሽንፈት ይታወቅ የነበረውን ኢንዲያናን ይዞ በመጀመሪያ ዓመቱ 11 ጨዋታ አሸንፎ ፕሌይኦፍ፣ የሻምፒዮናው ጥሎ ማለፍ፣ ገባ። የኦሬገን ዩኒቨርሲቲ ዋና አሰልጣኝ ዳን ላኒንግ ደግሞ የሃይስኩል አሰልጣኝ ነበር። ሥራ ለመጠየቅ ከሚዙሪ ፒትስበርግ ድረስ ሌሊቱን ሲነዳ አደረ። በኋላም ሙሉ አሰልጣኝ ከሆነ ወዲህ በ2015 አላባማ ላይ እንደገና ጂኤ ሆነ፣ ሊማርበት ብሎ። ዝቅ ማለቱን አልፈራም።

3. ወረቀት። ይሄንን ደግመው ያንብቡት፣ እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። አንድ አሰልጣኝ «ና፣ ቦታው ያንተ ነው» አለኝ። ሥራዬን ለቅቄ፣ ዕቃዬን መኪና ላይ ጭኜ ሌላ ስቴት ሄድኩ። ቦታው ለካ በአሰልጣኙ እጅ ብቻ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ለማስተርስ ካልተቀበለህ ጂኤ አይደለህም፤ ክፍያ የለም፣ ሜዳም አትወጣም። የአትሌቲክስ ክፍሉ መላክ የነበረበትን ፎርም ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶታል። የቅበላ ቢሮዋ ሴትዮ ከስክሪኗ ቀና ሳትል «ሲስተም ላይ የለህም» አለችኝ። ኢሜይሉን ስልኬ ላይ አሳየኋት። «ሰኞ ተመለስ»። ሰኞ ሌላ ሰው ተቀምጧል። እንደ አዲስ ከሀ እስከ ፐ አስረዳሁት። ስሜን አጣሞ ጠራኝና ቀነ ገደቡ አልፏል አለ። በቃ። ይቅርታ የሚባል ነገር ከማንም አፍ አልወጣም። አንድ ሙሉ ሲዝን ያለ ጥፋቴ አመለጠኝ።

ግን ወደ ቤት አልተመለስኩም። ማታ መጋዘን እየሠራሁ ቀን ቀን ለአንድ ሃይስኩል የጨዋታ ፊልም በነፃ እቆርጥ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ሌላ ኮሌጅ ያንን ሥራዬን አይቶ ወሰደኝ። ሥራዬ የተጋጣሚን ጨዋታ በካርድ መሳል ነበር። አስራ አንድ ክብ፣ ከእያንዳንዱ የሚወጣ ቀስት፣ ከታች ቁጥር። ልምምድ ላይ ካርዱን ከፍ አድርጌ እይዛለሁ፣ ተጠባባቂዎቹ አይተው ተጋጣሚውን መስለው ይሰለፋሉ። ዝናብ ሲሆን ካርዱ ላስቲክ ውስጥ ይገባል፣ ጣቴ ይደነዝዛል። አንዲት ቀስት ከተሳሳተች የዲፌንስ ኮርዲኔተሩ፣ የመከላከሉ ኃላፊ፣ ሜዳው እስኪሰማ ይጮኻል። አንድ ቅዳሜ ታዲያ ላይንባከራችን ከካርዴ ላይ ያየውን ጨዋታ ለይቶ፣ ቀድሞ ደርሶ ኳሷን ቀማት። ወደ ዳር መስመር ሲመጣ መጀመሪያ ያቀፈው እኔን ነው።

ስለዚህ ለልጅዎ፦ የዩኒቨርሲቲው የቅበላ ደብዳቤ፣ የትምህርት ክፍያው ነፃ መሆኑ፣ የኪስ ገንዘቡ ልክ፣ የጤና ኢንሹራንሱ፣ ሁሉም በጽሑፍ እጁ ይግባ። ከዚያ በፊት አንዲት ሻንጣ እንዳይጭን። አሰልጣኙ ደግ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ቢሮው ግን አያውቀውም።

ሌላው መባረር ነው። ዋናው ሲባረር ስታፉም አብሮ ይወጣል። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ በ2023 ዋና አሰልጣኙን ጂምቦ ፊሸርን ሲያሰናብት ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊከፍለው ነው፤ ጂኤ እንዲህ ያለ ውል የለውም። አሰልጣኝ ዳቦ ስዊኒ በ2000 ከአላባማ ስታፍ ጋር ተባርሮ ሪል እስቴት ሲሠራ ነበር። ወደ አሰልጣኝነት ተመልሶ በ2008 ክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ ሲዝኑ መሃል ላይ በጊዜያዊነት ዋና አሰልጣኝ አድርጎ ሾመው፣ ከዚያ ሁለት ሻምፒዮና። የእኛው ሰፈር የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲው አሰልጣኝ ማይክ ሎክስሊም ኒው ሜክሲኮ ላይ ተባሮ ነው አላባማ ሄዶ ራሱን ያደሰው። በ2020 ለጥቁርና ለሌሎች አናሳ አሰልጣኞች ማኅበር መሥርቷል፤ ልጅዎ ያንን ይፈልግ።

አንድ ነገር ግን የእኛ ልጆች ይችሉበታል፣ ምልመላ፣ ተጫዋች አሳምኖ ወደ ኮሌጁ ማምጣት። የሰው ሳሎን ገብቶ እናትና አባትን አክብሮ ልጃቸውን መጠየቅ ሽምግልና እንደመሄድ ነው። መቼ ዝም እንደሚባል፣ ማንን ቀድሞ ሰላም እንደሚሉ እርስዎ ቤት ተምሮታል። ይሄ በዚህ ሥራ ትልቅ ሀብት ነው።

በጃንዋሪ የአሰልጣኞች ዓመታዊ ጉባኤ አለ፣ እዚያ ሆቴል ሎቢ ውስጥ ነው ሥራ የሚገኘው፤ ገንዘብ ከአሁኑ ያጠራቅም። የት ቦታ ላይ ይጫወት እንደነበር በኢንቦክስ ይጻፉልኝ። ዲፌንስ ከሆነ በዚህ ሳምንት የምደውልላቸው ሰዎች አሉ።