የጓሮና የደጅ ጥያቄዎች፦ በእጅ የሚገፋው ማጨጃ ሳሩን ለምን ያስተኛዋል?

ጥያቄ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው መስከረም ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ታውንሃውስ ገዝተን ገባን። የፊቱም የኋላውም ሳር ተደምሮ 80 ካሬ ሜትር ቢሞላ ነው። ለዚህች ቦታ ሞተር ምን ያደርጋል ብዬ፣ ጎረቤቶቻችን ቤት ሲለቁ ከሚሸጡት ዕቃ መሃል በእጅ የሚገፋ፣ ሞተር የሌለው የሳር ማጨጃ በ20 ዶላር ገዛሁ። ሳሩን ግን ከመቁረጥ ይልቅ እያስተኛው ያልፋል። አንዳንዴም መሃል ላይ ቀጥ ይልና እጀታው ሆዴን ይመታኛል። ሳሩ ባቴ ጋ ደርሷል፤ የኤችኦኤው፣ የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ ማለቴ ነው፣ ሰዎችም ደብዳቤ ልከውብናል። ባለቤቴ «ጣይውና በባትሪ የሚሠራ እንግዛ» ይላል። ከደብረ ብርሃን ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ ደግሞ «ማጭድ ስጡኝ፣ ባንድ ጠዋት ልጨርስላችሁ» ትላለች። ማንን ልስማ?

ሰ. ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ

እህቴ፣ ለዛሬ እናትሽን ስሚ፤ ማጨጃውን ግን እንዳትጥዪው።

ባት የደረሰ ሳር በእጅ በሚገፋ ማጨጃ አይታጨድም። ጎማዎቹ ሲሽከረከሩ በጥርስ አማካይነት መሃል ያሉትን ጠመዝማዛ ምላጮች ያዞራሉ። ምላጮቹ ሳሩን እየሳቡ ከታች ወደተጋደመው ቋሚ ስለት ያመጡታል፤ ሳሩ የሚቆረጠው በሁለቱ መካከል፣ በመቀስ እንደሚቆረጠው ነው። ሲረዝም ግን ምላጩ ሳይደርስበት የመሣሪያው ፊት ገፍቶ ያስተኛዋል፤ የተኛ ሳር ደግሞ ወደ ስለቱ አይገባም። የገባውም ስለሚበዛ ምላጩ ይታነቃል፣ ጎማው ቀጥ ይላል፣ እጀታውም ሆድሽን ያገኘዋል።

ስለዚህ ለእናትሽ ማጭዱን ስጫቸው። አንድ ነገር ብቻ አደራ በያቸው፤ ከሥሩ እንዳያነሡት። ለከብት ድርቆሽ ቢሆን ዝቅ ብሎ ማጨድ ያዋጣ ነበር። የግቢ ሳር ግን ባንድ ጊዜ ከቁመቱ ከሲሶ በላይ ከተቆረጠበት ሥሩ ይዳከማል፤ ፀሐይ ያገኘውንም አፈር አረም ይወርሰዋል። ዛሬ ስድስት ኢንች ያህል ይተዉለት፤ የሁለት እጅ አራት አራት ጣት ሲደራረብ ማለት ነው። ከአራት ወይም ከአምስት ቀን በኋላ ወደ አራት ኢንች ያውርዱት። ከዚያ ወዲያ ያንቺ ማጨጃ ይረከባል። እናትሽ ያጨዱትን ረጅም ሳር ጠርጋችሁ አንሡት፤ እዚያው ከተከመረ ከሥሩ ያለውን ያፍነዋል። ስለ ደብዳቤው ብዙ አትጨነቂ። የምትኖሪበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ደንብ የሚከለክለው ከ12 ኢንች ያለፈውን ነው፤ ኤችኦኤዎች ናቸው ከዚያ በታችም የሚቆጡት።

አሁን ወደ ማጨጃው። እኔ በሥራዬ ትልልቅ ባለሞተር ማጨጃ ከመኪና እያወረድኩ የሰው ሳር የማጭድ ሰው ነኝ፤ ለራሴ ደጅ ግን የማወጣው እንዳንቺው ያለውን ነው። ባገራችን ሰዎች ጋራዥ ውስጥ አቧራ ለብሶ፣ «አይሠራም» ተብሎ የቆመ የእጅ ማጨጃ ደጋግሜ አይቻለሁ። አብዛኛው አልተበላሸም። ብሎኑ ላልቶ ነው፤ የጎደለው አንድ ካቻቢቴና ግማሽ ሰዓት ነው።

ወፍራም ጓንት አጥልቂ፤ ልጆች ካሉ ራቅ ይበሉ። ሞተር የለውም ብለሽ እንዳትዘናጊ። አንዱን ምላጭ በእጅሽ ስታዞሪ ሌሎቹም አብረው ይዞራሉ፤ ጣት ከገባ ይቆርጣል። ማጨጃውን ገልብጪውና የደረቀውን ሳርና ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አራግፊ። ከዚያ ከጋዜጣ ላይ ሁለት ጣት የሚሰፋ ቁራጭ ቀደሽ በአንዱ ምላጭና በቋሚው ስለት መካከል አስገቢና ምላጩን ቀስ አድርገሽ አዙሪ። ወረቀቱ ሳይቦጨቅ ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ እዚያ ቦታ ላይ ደህና ነው። ከታጠፈና ሾልኮ ከወጣ ክፍተት አለ፤ ሳርሽም የሚተኛው በዚያ ክፍተት ነው። በግራ ጫፍ፣ በመሃል፣ በቀኝ ጫፍ፣ እያንዳንዱን ምላጭ እንዲህ ፈትኚ። አሰልቺ ይመስላል፤ ግን ሥራው ሁሉ እዚህ ጋ ነው።

በብዙዎቹ ማጨጃዎች ላይ ቋሚው ስለት በግራና በቀኝ ጫፉ ሁለት ሁለት ብሎን አለው። አንዱን ስታላዪና ሌላውን ስታጠብቂ ስለቱ ወደ ምላጩ ይጠጋል፤ በተቃራኒው ስታደርጊ ይርቃል። ባንድ ጊዜ ሩብ ዙር እንኳ አታዙሪ። የሩቡን ግማሽ አዙሪና በወረቀት ፈትኚ፤ ወደ ሌላው ጫፍ ሂጂና እንዲሁ አድርጊ፤ ተመልሰሽ የመጀመሪያውን እይ፤ አንዱ ጫፍ ሲነካ ሌላው ይንቀሳቀሳልና። ትክክለኛው ቦታ ላይ ስትደርሺ ምላጮቹ ሲዞሩ ለስለስ ያለ «ሽው ሽው» ይሰማል፣ ወረቀቱም ከዳር እስከ ዳር ይቆረጣል። ብረት ከብረት ተፋጭቶ ካንቋረረ ወይም ምላጮቹ በእጅ ገፋ ሲደረጉ ወዲያው ከቆሙ አጥብቀሽዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል፤ «በደንብ ይቁረጥልኝ» ብሎ እስኪነክስ ድረስ ያጠብቀዋል። መግፋቱ ይከብደዋል፣ ስለቱም ያለጊዜው ያልቃል።

ይህ መሣሪያ ከልደቱ የክፍተት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1830 ኤድዊን በዲንግ የተባለ እንግሊዛዊ የመጀመሪያውን የሳር ማጨጃ ሲሠራ ሐሳቡን ያገኘው ከሱፍ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። እዚያ ጨርቁ ላይ የቆመውን ጸጉር የሚከረክም ባለጠመዝማዛ ምላጭ ማሽን ነበር፤ ትንሽ ቢርቅ ጸጉሩን ይስተዋል፣ ትንሽ ቢቀርብ ጨርቁን ይበላዋል። ያንቺም ማጨጃ አሠራሩ ያው ነው።

ካስተካከልሽው በኋላ ጥቂት ሜትር አጭደሽ ወደ ኋላ ዞረሽ ሳሩን ተመልከቺ። በተመላለስሽ ቁጥር በማጨጃው በአንዱ ወገን ብቻ ያልታጨደ መስመር ከቀረ የዚያ ጫፍ ብሎን ላልቷል። ጣት የሚያህል ቀጭን መስመር ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ከቀረ ጠጠር ስለቱን ጎድቶታል፤ ጉዳቱን በጣትሽ ሳይሆን በዓይንሽ ፈልጊና የተነሣውን ጠርዝ በቀጭን ሞረድ ቀስ አድርገሽ አስተካክዪ። ክፍተቱ ልክ ሆኖም ወረቀቱ ከተቦጨቀ ያኔ ነው ስለቱ ደንዟል የሚባለው። ምላጮቹን አንድ በአንድ በሞረድ ልሳል አትበዪ፤ ቁመታቸው ይለያይና ከቋሚው ስለት ጋር መግጠማቸው ይቀራል። መካኒኮች የሞተር ቫልቭ ሲያስተካክሉ የሚቀቡት አሸዋማ ቅባት አለ፤ እሱን ምላጮቹ ጠርዝ ላይ ቀብቶ ምላጮቹን ወደ ኋላ፣ ማለትም ሲያጭዱ ከሚዞሩበት በተቃራኒ ማዞር ነው። ምላጮቹና ቋሚው ስለት እርስ በርሳቸው ይሳሳላሉ። አንድ ጎማ ፈትቶ ማዞሪያ መግጠም ስላለበት ባለቤትሽ ትራፓኖ ካለው ለሱ ስጪው፤ በዝግታ እንዲያዞር። ሲጨርስ ቅባቱ አንድም ሳይቀር ይታጠብ፤ ከቀረ ሁልጊዜ ስለቱን ይበላዋል። ከዚያ ኩሽኔታው ላይ ትንሽ ዘይት፣ ጎማው ውስጥ ባሉት ጥርሶች ላይ ትንሽ ግራሶ፣ እንደገና የወረቀት ፈተና።

አገፋፉም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ከመጀመርሽ በፊት ሳሩ ላይ ዙሪና የወደቀውን ልቀሚ። ሲልቨር ስፕሪንግ ከሆንሽ ስዊትገም የሚባለው ዛፍ የሚጥለው እሾሃማ ድቡልቡል ፍሬ ደጅሽ ላይ መኖሩ አይቀርም፤ አንዱ በምላጭና በስለት መካከል ሲገባ ማጨጃው እንደ ግድግዳ ቀጥ ይላል። የኦክ ፍሬ፣ የእርሳስ ውፍረት ያለው እንጨት፣ የልጆች መጫወቻም እንዲሁ። ሲቆም በኃይል አትግፊው፤ ወደ ኋላ ሳቢውና የገባውን በእንጨት አውጪው። የቆመ ሳር ውስጥ ሆነሽም አትነሺ፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለሽ ምላጮቹ መዞር ከጀመሩ በኋላ ግቢ። እርምጃሽ አንድ ዓይነት ይሁን፤ መሃል ላይ ቀስ ካልሽ ምላጩም ቀስ ይላል፣ ሳሩም ሳይቆረጥ ይጎተታል። ስትመለሺ ካጨድሽው ላይ አንድ ሩብ ያህል ደርበሽ ሂጂ። ሳሩ ደረቅ ይሁን፤ ጠዋት ጤዛ ሳይጠፋ ማጨድ ድካም ብቻ ነው።

አጥሩና ግድግዳው ሥር ጎማው ከስለቱ ውጭ ስለሆነ ሁለት ሦስት ጣት ሳር ይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1899 ጆን አልበርት በር የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ባወጣው ፓተንት ማጨጃው በሳር እንዳይታነቅና ወደ ግድግዳ ተጠግቶ እንዲያጭድ አድርጎ አሻሽሎታል፤ ያም ሆኖ ጠርዙ ዛሬም የመቀስ ሥራ ነው። ቀጥ ብለው የሚቆሙ የዘር አገዳዎችም ምላጩ ሲመጣ ጎንበስ ብለው ያሳልፉትና ተመልሰው ይነሣሉ። እነሱንም በመቀስ።

ቁመቱን በተመለከተ፣ እዚህ አካባቢ በብዛት የሚዘራው ቶል ፌስኪው የሚባለው ሳር ነው። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የግብርና አማካሪዎች ከ3 እስከ 4 ኢንች እንዲቆይ ይመክራሉ። ብዙዎቹ የእጅ ማጨጃዎች ከፍ ሲሉ 3 ኢንች ላይ ያበቃሉ፤ ስለዚህ ያንቺን መጨረሻው ከፍታ ላይ አድርጊና እዚያው ተዪው። አራት ኢንች ተኩል ሳይደርስ ማጨድ ነው እንግዲህ። በሚያዝያና በግንቦት ይህ ማለት በየሳምንቱ፣ ዝናብ ከበዛም በየአምስት ቀኑ ነው። በሐምሌ ሙቀት ሳሩ ራሱ ያርፋል፤ አንቺም ታርፊያለሽ። በየጊዜው የሚታጨደው ሳር አጭር ስለሆነ አትልቀሚው፤ ወደ አፈሩ ወርዶ ይበሰብስና ናይትሮጅኑን ለሥሩ ይመልሳል፤ ማዳበሪያ ይቀንስልሻል።

የባለቤትሽን ሐሳብ አልንቅም። በየሳምንቱ መውጣት የማይሆንላችሁ ከሆነ፣ ወይም በግንቦት ለሦስት ሳምንት አገር ቤት ደርሳችሁ የምትመለሱ ከሆነ፣ በባትሪ የሚሠራው ይሻላችኋል፤ የረዘመ ሳር ይችላል። ግን 80 ካሬ ሜትር ነው ያልሽኝ። በየሳምንቱ ከያዝሽው ግማሽ ሰዓት አይፈጅብሽም፤ ጎረቤት አትቀሰቅሺም፣ ቤንዚን ቤት ውስጥ አታስቀምጪም፣ ባትሪ አልቆ አዲስ አትገዢም። ለሳሩም ይሻለዋል። የባለሞተሩ ማጨጃ ስለት ሳሩን የሚመታው በፍጥነቱ ነው፤ ሲደነዝዝ ይቦጭቀዋል፣ ጫፉም በማግሥቱ ነጣ ብሎ ይታያል። በሁለት ስለት መካከል የተቆረጠው ግን አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። እኔ በዚህ ስፋት ላይ ገንዘብ ከፍለሽ ሌላ እንድትገዢ አልመክርሽም።

ጥያቄ

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የምጽፍልዎ። በደጄ ያለው በርሙዳ የሚሉት፣ የኛው ሰርዶ ነው። በእጅ የሚገፋ ማጨጃ ልገዛ ሄጄ አንዱ አምስት ምላጭ፣ ሌላው ሰባት ምላጭ ሆኖ አገኘሁት። የትኛው ይሻላል?

ተ.

መልስ

ወንድሜ፣ ላንተ ሰባቱ። ምላጭ ሲበዛ በአንድ እርምጃ ውስጥ የሚቆርጥበት ጊዜ ይበዛል፤ ሰርዶ ቀጭንና ጥቅጥቅ ያለ፣ ዝቅ ተደርጎ መታጨድም የሚወድ ስለሆነ ይህ ይመቸዋል። ከ1 እስከ 2 ኢንች መካከል ያዘው። በአምስት ምላጭ ያን ያህል ዝቅ ካልክ መሬቱ ላይ ማዕበል የሚመስል ምልክት ይቀራል። ሰፋፊ ቅጠል ላለው፣ ረዘም ብሎ ለሚያዘው ፌስኪው ግን አምስቱ ቀለል ብሎ ይገፋል። ስፋቱን 16 ወይም 18 ኢንች አድርገው፤ ከዚያ ከሰፋ ጎርበጥባጣ ቦታ ላይ መሃሉን ይልጨዋል።

ሰርዶ ብርድ ሲገባ ቡናማ ይሆናል እንጂ አልሞተም፤ እስከ ጸደይ አትንካው። ማጨጃውን ግን በኅዳር አጽዳና ምላጮቹን ዘይት በነካ ጨርቅ ጥረግ፤ ጋራዥህ እርጥበት ካለው ግድግዳ ላይ ስቀለው። ሳሩ ተመልሶ አረንጓዴ ማውጣት ሲጀምር መጀመሪያ በጋዜጣ ቁራጭ ፈትነው።