አንዲቷን ቁጥር ማን መረጣት?

ወደ ኮምፒውተርና ኔትወርክ ሙያ ለምትገቡ ወጣቶች፦

ስለ ቴክኖሎጂና ሥነ ምግባር ሲነሳ ጣት የሚቀሰረው ትልልቅ ኩባንያዎችና መንግሥታት ላይ ነው። ይቀሰር፣ ይገባቸዋል። እኔ ግን በዚህ ሥራ ውስጥ ሳረጅ ያየሁት ሌላም ነገር አለ። ብዙ ሰው የሚነካ ጉዳይ አንዳንዴ የሚወሰነው አንድ ባለሙያ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አንዲት ቁጥር ሲመርጥ ነው። ያውም እንደ ዋዛ።

ኖቬምበር 2 ቀን 1988 እ.ኤ.አ. ሮበርት ሞሪስ የተባለ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ራሱን እያባዛ የሚሄድ ፕሮግራም ለቀቀ። ፕሮግራሙ አዲስ ማሽን ላይ ሲደርስ «ከእኔ በፊት የመጣ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። አለ ከተባለ መተው ነበረበት። ሞሪስ ግን የማሽኑ ጠባቂዎች «አለ» ብለው ሊያታልሉት እንደሚችሉ ገመተ። ስለዚህ ከሰባት አንዴ፣ መልሱ ምንም ይሁን ምን፣ ዝም ብሎ እንዲገባ አደረገው። ከሰባት አንድ ትንሽ ይመስላል አይደል? ችግሩ ያው ማሽን በተደጋጋሚ መመታቱ ነው። ቅጂ በቅጂ ላይ ሲደራረብ ኮምፒውተሮቹ ቀጥ አሉ። በጊዜው ከተያያዙት 60,000 ገደማ ማሽኖች 6,000 ያህሉ እንደተጠቁ ተገምቷል። ፕሮግራሙ አንድም ፋይል አላጠፋም። ጉዱን ያፈላችው ያቺው ሰባት ናት። ሞሪስ በ1990 የ3 ዓመት የገደብ ቅጣት፣ የ400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና የ10,050 ዶላር መቀጮ ተፈረደበት።

ቁጥር ሲያድንም አይተናል። ሕንድ ውስጥ በዋትስአፕ የተዛመተ የልጅ ሌባ ወሬ ንጹሐን ሰዎችን በደቦ ካስገደለ በኋላ፣ ኩባንያው በ2018 እ.ኤ.አ. አንድን መልእክት በአንዴ ከ5 ቦታ በላይ ማስተላለፍ እዚያ ከለከለ። በ2019 ገደቡን ለዓለም ሁሉ አደረገው። በ2020 ደግሞ ብዙ እጅ የዞረውን፣ ያቺ ድርብ ቀስት ያለችውን መልእክት፣ ወደ አንድ ቦታ ብቻ አለ። እንዲህ ዓይነቱ መልእክት በ70 በመቶ መቀነሱን ኩባንያው ራሱ ተናግሯል።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። መልእክቱን ማንም አላነበበም፤ የተመሰጠረ ስለሆነ ኩባንያውም ማንበብ አይችልም። የታገደ ሰውም የለም። ለሃምሳ ሰው መላክ የፈለገ ዛሬም ይችላል፣ አንድ በአንድ። የተጨመረው ትንሽ ልፋት ብቻ ነው። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የምንለው ወሬ አፋፉ ጋ ሳይደርስ ደከመው። ስለዚህ «ወይ ሳንሱር፣ ወይ ልቅ» ብሎ ለሚከራከራችሁ ሁሉ ቶሎ እጅ አትስጡ።

ሦስተኛዋ ቁጥር ብዙም አትወራም፦ ሎግ፣ ማለትም ሲስተሙ ማን መቼ ምን እንዳደረገ የሚይዝበት መዝገብ፣ ስንት ቀን ይቀመጥ? አንድ የስልክ መዝገብ የተወራውን አይዝም። ማን፣ ወደ ማን፣ ስንት ሰዓት፣ ስንት ደቂቃ፣ በየትኛው አንቴና በኩል፣ በቃ። ግን አንዱን ሰው አስቡት። ጠዋት የካንሰር ሕክምና ማዕከል 12 ደቂቃ፣ ወዲያው እናቱ ጋ 40 ደቂቃ፣ በማግስቱ ጠበቃ ዘንድ። የሰማነው ነገር የለም፤ የገባን ግን ሁሉም ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2006 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለው መረጃ ከ6 እስከ 24 ወር እንዲቀመጥ መመሪያ አውጥቶ ነበር። የኅብረቱ ፍርድ ቤት በ2014 የዜጎችን የግል ሕይወት ከመጠን በላይ ይነካል ብሎ ሻረው። በየመሥሪያ ቤታችን ግን ቁጥሩን የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ የዲስክ ዋጋ ነው። ዲስክ ረከሰ፣ «ይቀመጥ፣ ምን ይጎዳል?» ይባላል። ይህቺን «ምን ይጎዳል» በጣም እፈራታለሁ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ገደብ፣ ጊዜ ወይም መነሻ ቅንብር ስትመርጡ፣ ለምን እንደመረጣችሁት እዚያው ኮዱ ውስጥ በአንድ መስመር ጻፉ። መጻፍ ካቃታችሁ አላሰባችሁበትም ማለት ነው። አለቃችሁ «ለአሁኑ ዝም ብለህ ክፈተው» ካለ በኢሜይል እንዲያዝዝ በትሕትና ጠይቁ። ብዙ ትእዛዝ እዚያው ላይ ይቀራል።

ሎግ የመክፈት ሥልጣን ሲሰጣችሁ ደግሞ የፍቅረኛችሁን ቁጥር አትፈልጉ። ሳቃችሁ? የሚያደርጉት ጥቂት አይደሉም። ሎጉን ማን እንደከፈተ የሚመዘግብ ሌላ ሎግ ከሌለ፣ ሥራ በጀመራችሁ ሳምንት እንዲሠራ ጠይቁ፤ ይዘቱንም እናንተ መሰረዝ በማትችሉበት ቦታ አስቀምጡት።