«ልጅ እግር ምጥ ይቀላታል» እውነት ነውን?

ጥያቄ፦ የእህቴ ልጅ 16 ዓመቷ ነው። ማርገዟን ያወቅነው አሁን በአራተኛ ወሯ ነው። እናቴ «ልጅ እግር ስለሆነች ምጡ ይቀላታል» እያለች ታጽናናናለች። እኔ ግን ፈርቻለሁ። ከአዋቂ ሴት የተለየ የሚያሰጋት ነገር አለ?

መልስ፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው። እናትዎም ጨርሶ አልተሳሳቱም፤ በእርግዝና ወቅት የሚከሰት የስኳር ሕመምና የፅንስ የክሮሞዞም ችግር ይበልጥ የሚያሳስቡን 35 ዓመት ባለፋቸው እናቶች ላይ ነው። ለምጥ ግን ልጅነት ዋስትና አይሆንም። የሴት ልጅ ቁመት መጨመሩን ካቆመ በኋላም የዳሌ አጥንቷ መስፋቱን ይቀጥላል። ሳይሰፋ ከደረሰች የፅንሱ ጭንቅላት ማለፊያ ሊጠብበው ይችላል፤ ያለ ርዳታ ለቀናት ያማጠች እናት ደግሞ ለፊስቱላ፣ ማለትም ሽንት ወይም ሰገራ ያለ ፈቃድ ለሚያፈስ የብልት ቀዳዳ፣ ትጋለጣለች። ይህ በጣም የሚከፋው ከእሷም ባነሱት ላይ ነው። ያም ሆኖ ቀዶ ሕክምና በሚሰጥበት ተቋም እንድትወልድ ከወዲሁ ያስቡ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ደሟና የደም ግፊቷ ነው። ራሷ አድጋ አልጨረሰችም፤ ፅንሱም ከዚያችው ሰውነት ብረትና ካልሲየም ይሻማታል። ስለዚህ የደም ማነስ ቶሎ ያገኛታል። በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ እናቶች ከ20 እስከ 24 ዓመት ከሆናቸው ይልቅ በእርግዝና ደም ግፊት ሳቢያ ለሚመጣው መንቀጥቀጥ፣ ለኤክላምፕሲያ፣ እንዲሁም ከወሊድ በኋላ ለማህፀን ኢንፌክሽን ይጋለጣሉ። ሕፃኑም 37 ሳምንት ሳይሞላው ሊወለድ ወይም ከ2.5 ኪሎ ግራም በታች ሊመዝን ይችላል።

ደግሞም ዕድሜ ብቻውን አይደለም የሚጎዳው። ልጆች ቁጣ ፈርተው እርግዝናቸውን ይደብቃሉ፤ ግፊቱም የደም ማነሱም ሳይታወቅ ይከርማል። የመጀመሪያው ምርመራ ከ12ኛው ሳምንት በፊት ቢሆን ይመረጥ ነበር። አልፏል፤ ነገ ይውሰዷት። ግፊቷ ይለካል፣ ደምና ሽንቷ ይመረመራል፣ የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል ይታዘዝላታል። ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት ወይም ደም ካየች ግን ቀጠሮ አይጠብቁ።

አንድ ነገር ልለምንዎት። ምርመራ ክፍል አብረዋት ይግቡ፤ ከዚያ ጥቂት ደቂቃ ወጣ ይበሉላት። እንዴት እንዳረገዘች፣ ተገድዳ እንደሆነም፣ በእርስዎ ፊት የማትናገረውን ለሐኪሙ ትናገር ይሆናል።