«የሠራኋቸው ሳይቶች ጠፍተዋል፣ ሙያ ልቀይር?»

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ከረሙ። ደብረ ብርሃን ነው ምኖረው፣ ዩኒቨርሲቲም እዚሁ ጨርሼ ዌብ ዲዛይን ስሰራ ስድስት ዓመቴ ነው። ሰፈር ውስጥ ግን ሥራዬ ምን እንደሆነ የገባው ሰው የለም፣ እናቴ ራሷ «ኮምፒውተር ላይ ትፅፋለች» ነው ምትለው፣ ጎረቤት ደግሞ ስልኩ በተበላሸ ቁጥር ይዞብኝ ይመጣል። ባለፈው ለአንድ ሥራ ፖርትፎሊዮ (የሥራ ናሙና) ላኪ ተብዬ የድሮ ሳይቶቼን ልከፍት ስል ከአስራ አራቱ ዘጠኙ የሉም፣ ባለቤቶቹ ዶሜይኑን (የሳይቱን አድራሻ) ሳያድሱ ቀርተው ሄደዋል፣ አንዱ ላይማ የቁማር ማስታወቂያ ነው የጠበቀኝ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አባቴ ግንበኛ ነው፣ የዛሬ 30 ዓመት የገነባውን አጥር ዛሬም በበሩ ስናልፍ ያሳየናል። እኔ ምን አሳያለሁ? አዲስ አበባ ልግባ? ወይስ ኤአይ መጥቷል እየተባለ ስለሆነ ጭራሽ ልተወው?
ብርድ የለመደችው፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እህቴ፣ ያቺን ያለቀስሽባትን ቀን አውቃታለሁ፣ እኔም ነበረችኝ። በኛ ጊዜ ፍላሽ ሚባል ነገር ነበር፣ ገፁ ሲከፈት ሎጎው እየበረረ ይመጣል፣ ክራር ይሰማል፣ ደንበኛው ሰው ሰብስቦ ያሳያል። እሱን ለመልመድ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። አይፎን መጀመሪያውኑ አልተቀበለውም፣ በፈረንጆቹ 2020 ሲያልቅ ደግሞ ባለቤቱ ኩባንያ አዶቤ ራሱ ድጋፉን አቆመ፣ በቃ፣ የሁለት ዓመት ሙያዬ ከነክራሩ ድምጥማጡ ጠፋ። ከዛ በፊት ደግሞ አማርኛው ራሱ ጣጣ ነበር። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ ሚጠቀሙበት የፊደል ኮድ ውስጥ ማለት ነው፣ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው፣ እኛ ጋ እስኪለመድ ግን ዓመታት ወሰደ፣ እያንዳንዱ ፎንት የራሱ ኮድ ስለነበረው ፎንቱ የሌለው ሰው ሲከፍተው «ሰላም» ያልነው የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታየዋል። ስለዚህ ፅሁፉን ፎቶ አድርገን እንለጥፍ ነበር፣ በዛን ጊዜ ኢንተርኔት አንድ አንቀፅ እስኪወርድ ቡና ተፈልቶ ይደርሳል።

ያ ሁሉ ሄዷል፣ ከሱ የቀረልኝ ፊደሉን ማየት ነው። ፊደላችን እንደ ፈረንጁ ትልቁና ትንሹ ሚባል ነገር የለውም አይደል፣ ስለዚህ አርዕስቱን በትልልቁ ፊደል ያሳመረ ቴምፕሌት (ተዘጋጅቶ ሚመጣ የገፅ ንድፍ) አማርኛ ስታስገቢበት ይፈርሳል። ጥቅጥቅ ያለም ነው፣ «ጨ» እና «ጩ»ን በትንሽ መጠን ርካሽ ስልክ ላይ አድርገሽ እዪ፣ ይለጣጠፋሉ። መጠኑን ከላቲኑ ከፍ፣ መስመሩን ራቅ አድርጊ፣ ፊደሉን ወደ ጎን ማዝመም (ኢታሊክ) ሚሉትን ደግሞ እባክሽ ተይው። ይሄን ሚያውቅ ዲዛይነር ብዙ አይደለም፣ አንቺ ስድስት ዓመት የአማርኛ ሳይት ስትሰሪ ከቆየሽ ሳይታወቅሽ ታውቂዋለሽ።

ሌላ ልንገርሽ። አንኮበር መንገድ ላይ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ሳይት ሰርቼ ነበር። ባለቤቱ የጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ፎቶ በየተራ ሚያልፍበት ትልቅ ስላይደር ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አሉ፣ አደረግኩላቸው። አንድ ቀን ሄጄ ግማሽ ቀን አጠገባቸው ስቀመጥ ሚደውለው ሰው ሁሉ ሦስት ነገር ነው ሚጠይቀው፣ መንገዱ እንዴት ነው፣ ሙቅ ውሃ አለ ወይ፣ አዳሩ ስንት ነው። ዝንጀሮዎቹን ወደታች አውርጄ ሦስቱን መልስ አናት ላይ ሰቀልኩት። በሁለተኛው ሳምንት ተናደው ደወሉ፣ «ሳይቱን አበላሸኸው፣ ስልኬ መጮህ ቀነሰ!» ሚደውለው ለመምጣት የወሰነው ብቻ መሆኑን ለማስረዳት ምን ያህል እንደለፋሁ አትጠይቂኝ። ግን ከሠራሁት ሁሉ ቢያንስ አንድ ነገር ገባኝ ምለው እሱ ቀን ነው፣ ዲዛይኑ ደግሞ ሚያስቀና አልነበረም።

የጠፉትን በተመለከተ፣ ዌይባክ ማሽን ሚባለው የኢንተርኔት መዝገብ አለ፣ የድሮውን አድራሻ ፃፊበት፣ ከዘጠኙ የተወሰኑት ቅጂያቸው ሊገኝ ይችላል። ከአሁን በኋላ ሥራ ስታስረክቢ የገፆቹን ፎቶና ፋይሉን ራስሽ ጋ አስቀሪ። ዋናው ግን ውልሽ ነው። አንዴ ሰርተሽ አንዴ ተቀብለሽ ከሄድሽ ደንበኛው ዶሜይን በየዓመቱ እንደሚታደስ ከየት ያውቃል? አባትሽ ለሠራው አጥር በየዓመቱ ኪራይ ሚከፍል የለም፣ ሳይት ግን ኪራይ ቤት ነው። ዶሜይኑ በደንበኛው ስም ይሁን፣ ማሳደሱንና መንከባከቡን ግን አንቺ በዓመት ክፍያ ያዢው፣ እንደ ቤት ጠባቂ በይው። ለነገሩ አባትሽንም ከተማው ሲሰፋ ስንቱ ግንቡ እንደፈረሰ ጠይቂው፣ ሚያሳይሽ የቆመውን ነው።

አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ለደንበኛ ብለሽ ከሆነ አትሂጂ፣ እዛም ያው ቲክቶክ ይበቃኛል ሚል ነጋዴ ነው ምታገኚው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ እኛ ጋ ሞባይል ዳታ ተዘግቶ በቆየበት ጊዜ መንገዱ ክፍት ሲሆን ፋይል በፍላሽ ዲስክ ይዤ ሸኖን አልፌ የሄድኩበት ቀን አለ፣ እንደዛ ዓይነቱ ምክንያት ይገባኛል። ሥራሽን ዓይቶ «ይሄ አይነበብም፣ አፍርሺው» ሚልሽ ሰው ፍለጋ ከሆነ ግን ነገ ተነሺ። እኔ እዛ አራት ዓመት ቆይቼ ያተረፍኩት አንድ ቁጡ አለቃ ነው፣ ያኔ እጠላው ነበር፣ ደብረ ብርሃን ስመለስ ግን የጎደለኝ እሱ ነው። እዚህ ሁሉም «ቆንጆ ነው» ይልሻል።

ኤአይ ላልሽው፣ ቴምፕሌት ላይ ሎጎ ለጥፎ ሚሸጠውን ሰው ሥራ ይወስድበታል፣ ይውሰድበት። ማረፊያው ቤት ቁጭ ብሎ ስልክ ሚያዳምጥ ኤአይ ግን እስካሁን አላየሁም።

የጎረቤት ስልክ ጥገናውን መላ አላገኘሁለትም። እኔም ባለፈው እሁድ የአክስቴን ሪሞት ፈትቼ ስገጥም ነው የዋልኩት።